ድሮኗ የቀረፀችው

የመምህር ባልደረባዬ እህት ስታገባ ከጭሮ ገለምሶ ወረድን። ድንኳን ውስጥ እጃችንን ታጥበን ምሳ ልንጀምር ስንል ከላይ እዝዝዝ የሚል ድምፅ መጣ። በቅርቡ ከየመን የተመለሰው የሙሽሪት ቤተሰቦች ጎረቤት ጀማል ሳህኑን ወርውሮ ተነሳ። «ውጡ! ተበተኑ! አንድ ላይ አትሁኑ!» እንዲህ ሲጮህ ማን ቆሞ ይጠይቃል? ሙሽራው፣ ሚዜው፣ እኔ፣ ሁላችንም ጫት ማሳው ውስጥ ገባን።

ለካስ የቪዲዮ አንሺው ድሮን ናት! ደንግጦ አወረዳት። ጀማል ገልብጦ ሆዷን አየ። «ካሜራ ብቻ ናት?»

«ካሜራ ብቻ ናት።»

«አልሐምዱሊላህ! ኮታ፣ ኑ ውጡ!» ብሎ በኦሮምኛም በአማርኛም ሲጠራን ሳቁና እልልታው አንድ ላይ ፈነዳ። እኔ ግን ተናደድኩ። «አንተ ሰውዬ፣ በድንጋጤ ልትገድለን ነበር እኮ!»

«ይቅርታ፣ መምህር። እዚያ የመን የአገሩ ሰዎች ምድር ላይ ሲዋጉ የውጭ አገር ሰዎች ደግሞ ከላይ ይመቱ ነበር። ሰርግም ቢሆን ሰው ከተሰበሰበ ጦር ይመስላቸዋል።»

በኋላ ቪዲዮውን አየነው። ሁላችንም ከድንኳኑ ስንሸሽ አንድ ባለነጭ ኮፍያ ብቻ ወደ ድንኳኑ ይሮጣል። ጀማል ነው፤ መነሳት ያቃታቸውን የሙሽሪትን አያት ሊሸከም።