አባቴን ያስሮጠው ቴፕ ጠጋኝ

የአባቴን አሮጌ ቴፕ ተሸክሜ ቡሬ ገበያ ዳር ወዳለ ጠጋኝ ሄድኩላችሁ። አባቴ ካረፉ ቆይተዋል፤ ድምፃቸው የቀረው ጸሎት ሲያደርሱ በተቀዳች አንዲት ካሴት ላይ ብቻ ነው። ልጆቼ አያታቸውን እንዲሰሙልኝ ነበር ሐሳቤ። ሰውዬው ቴፑን ፈታቶ ገጠመና ካሴቷን ከተታት። ምን ቢሰማ ጥሩ ነው? አባቴ እንደ ጫጩት ይንጫጫሉ! "ኧረ ይሄ የአባቴ ድምፅ አይደለም" አልኩት። "እትዬ፣ ሞተሩ አዲስ ነው። ድምፃቸውን ረስተውት ይሆናል" አይለኝም! በካቻቢቴ ነካ ነካ አደረገው፤ አሁን ደግሞ እንደ በሬ አጉረመረሙ። "አሁንም እሳቸው አይደሉም" ስለው፣ "ታዲያ በምን ልለካልዎት?" ብሎ እሱው ተቆጣ።

ቻል አደረግሁና "ከመጀመሪያው አስጀምርልኝ" አልኩት። ከዚያ ከቴፑ ጋር እኩል አቡነ ዘበሰማያት ማለት ጀመርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬያቸው የደገምኩት ስለሆነ አካሄዳቸውን አውቀዋለሁ። አባቴ ወደ ኋላ ቀሩ። ሰውዬው የሞተሩን ፍጥነት የምታስተካክለውን ቡሎን ጠበቅ ሲያደርግ ቀድመውኝ ሄዱ። ለቀቅ፣ ጠበቅ ሲል ቆይቶ በአራተኛው "አሜን" ላይ እኩል ደረስን። እንባዬ መጣ። ሰውዬውም "አሜን" አለና፣ "በሉ አሁን ደግሞ መቅዳቱን እንፈትሸው" ብሎ እጁን ወደ ቀዩ ቁልፍ ሰደደላችሁ። ካሴቷ እዚያው ውስጥ እንዳለች፣ በአባቴ ላይ ሊቀዳባቸው! እጁን በጥፊ አልኩት። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ መጸጸቱ ግን እስካሁን እምቢ ብሎኛል።