የደሴ መንገድ ዋስ

ጋሽ እሸቴ የደሴን መንገድ በጭነት መኪና ሲመላለሱ ያረጁ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከአፍንጮ በር ፒያሳ ድረስ በእግር ከመውረድ በቀር የሚሄዱበት የለም። አንድ ማለዳ ቸርችል ጎዳና አናት ላይ የሟች ጓደኛቸው የዘርዓብሩክ ልጅ ሰርክአዲስ ድንገት አገኘቻቸው።

"ጋሼ፣ እግዜር ነው ያገናኘን፤ ቤትዎ ልመጣ ነበር። የከባድ መኪና ሾፌር ሆኜ ልቀጠር ነው፤ ለደሴ መስመር። ዛሬ ዋስ ካላቀረብኩ ቦታውን ለሌላ ይሰጡብኛል።"

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ።

"ሳይቸግርሽ ጤፍ ብድር። አባትሽን በበላ መንገድ ላይ እኔው ፈርሜ ልስደድሽ?"

"አባቴን መንገዱ አልበላውም።"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ጣሊያን ያን መንገድ ተራራ ፈልፍሎ ሲያወጣው ገደሉን አልነቀለልንም። ሰንዳፋን፣ ሸኖን፣ ደብረ ብርሃንን አልፈሽ ጣርማበር ስትደርሺ፣ ከዋሻው እንደወጣሽ እስከ ደብረ ሲና ቁልቁለት ነው። እዚያ ወንድ ነው የሚፈተነው።"

"እርስዎ እንዴት ነበር የሚወርዱት?"

ይህን የጠየቃቸው ሰው ከጠፋ ቆይቷልና ደረታቸው ተነፋ።

"ማርሹን ነፃ አድርጌ ልቅቅ። ያለ ነዳጅ ይወርዳል፤ የተረፈው ናፍጣ የሾፌሩ ነው። ሁላችንም እንዲያ ነበርን።"

"አባቴም፤ እስከ ሞተባት ቀን።"

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ፤ ሰርክአዲስ ግን ቀጠለች።

"ማርሹን ነፃ ሲለቁት ያን ሁሉ ጭነት የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይከዳል። ቀኑ ደርሶ ነው እንዳይሉኝ፤ እሱን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እኔ ዳገቱን በወጣሁበት ማርሽ እወርዳለሁ። ከኋላዬ ያለው ጥሩምባውን ይንፋ፣ ሴት ናት፣ ፈሪ ናት ይበል። አዎ፣ ፈሪ ነኝ። ደሴ ግን እገባለሁ።"

በእኛ አገር ግዴለሽነት የጀግንነት ካባ ደርቦ ስንቱን ቤት አፍርሷል። በዘርዓብሩክ ለቅሶ ድንኳን "ቀኑ ደርሶ ነው" ብለው የጀመሩት ራሳቸው ጋሽ እሸቴ ነበሩ። ያን ዕለት ስለ ማርሹ ቢናገሩ ኖሮ ድንኳኑ ውስጥ ከነበሩት ሾፌሮች አንዱ እንኳ ይሰማ ነበር።

"ረዳትሽ ነፃ ልቀቂው ቢልሽስ?"

"እዚያው አወርደዋለኋ።"

ሳይወዱ በግድ ሳቁ። "በይ ነይ፣ ቦታውን ለሌላ ሳይሰጡብሽ።"

በቀጣሪው ድርጅት ቢሮ ውስጥ ሠራተኛው ወረቀቱን ወደ እሳቸው ገፋ አድርጎ፣ "አባት፣ ሴት ልጅ በጣርማበር ስትነዳ ዋስ መሆን አያስፈራዎትም?" አላቸው።

"ስማኝ ልጄ። በማርሽ የወረደ ሰው ፍሬኑ ይቆይለታል፣ ዕቃው ሳይጎድል ይደርሳል፣ ልጆቹም አባታቸውን ያያሉ። እኛ ናፍጣ አተረፍን እያልን ሰው ስንቀብር ኖርን። ለእሷ እኔ አለሁ። አንተ ለሌሎቹ ሾፌሮችህ ዋሳቸው ማን እንደሆነ አስብ" አሉና ፈረሙ።