ጠዋት ጠዋት የሚመጣ ሰው

ከባቢሌ ወደ ጅግጅጋ በሚኒባስ ስመለስ ከኋላዬ ወንበር አንድ ወጣትና አንዲት ለውዝ ነጋዴ እናት ያወሩ ነበር። ወጣቱ ድረ ገጽ ከፍቶ የከተማውን ወሬ ይጽፋል።

«የሚያየው ሰው ካጣ እዘጋዋለሁ፣ እናቴ። ሚስቴም ወደ ሱቅህ ተመለስ እያለች ነው።»

«ሰው በምን በኩል ነው የሚመጣልህ?»

«በኢንተርኔት መፈለጊያው። አንድ ቀን ብዙ ሰው ያመጣል፣ በማግስቱ ይረሳኛል።»

«ዋሪያ፣ አንተ ልጅ፣ በደላላ ነዋ የምትሠራው!»

«ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው።»

«የማሽን ደላላ! የእኔ ደንበኛ ራሱ ነው የሚመጣው።»

«ለምን ይመጣል?»

«ማን አገባ፣ ማን ወለደ፣ ማን ሞተ ሊለኝ ነዋ። በዚያው ለውዝ ይገዛል።»

«እና እኔ የሞተ ሰው ልጻፍ?»

«ጻፍ። ለቅሶው የት እንደሆነም ጻፍ። ሰው ጠዋት ጠዋት ሳያይ አይወጣም።»

«የሞተ የሌለ ቀንስ?»

«አልሐምዱሊላህ ብለህ ጻፋ!»

«ይህን ለማየት ሰው ይመጣል?»

«እኔ እመጣለሁ። የት ነው የሚታየው፣ ሱቅህ ውስጥ?»

«በስልክ ነው፣ እናቴ።»

«ታዲያ እኔ ስደውል ለምን አይነግረኝም?»

«ግራ አጋባሽኝ። እሺ፣ ከማን ልጀምር?»

«በቀደም ከሞተው ሰዓት ሠሪ። ሰው ስላልሰማ ሚስቱ ጋ ለቅሶ የደረሰ ጥቂት ነው አሉ።»

«ስሙ ማን ነበር?»

«እኔ እንጃ፣ ሰዓት ሠሪው ነበር የምንለው።»

ካራማራን እስክናልፍ ድረስ የሰዓት ሠሪውን፣ የባሌን፣ ስም ከነአባቱ ስም በልቤ ደጋገምኩት።