የላሟ ድርሻ

ስልኩ ሲጮህ ሠርከአዲስ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ቀኝ ትከሻዋን በግራ እጇ ታሻለች። ነገ የሚካኤል ማኅበር እነሱ ቤት ስለሆነ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስዳለች። ፈቃድ ተባለ እንጂ ከንጋት ጀምሮ አረፍ ያለችው ገና አሁን ነው። ባሏ ተክለማርያም ለስኳር ክትትሉ ከልጃቸው ከሀይሚ ጋር በማለዳው ሚኒባስ ከሮቤ ጎባ ሄዷል። ስልኩን እስክታነሳው ሁለቴ ተንሸራተተባት።

— ሄሎ? … ሀይሚ? … አለሁ፣ አለሁ። ጨረሳችሁ? … ምን? … ሄሎ! … ቆይ፣ ቤት ውስጥ አይሰማም፣ ደጅ ልውጣ።

እዚያ ቤት ኔትወርክ የሚገኘው ከአጥሩ ሥር ነው፤ እሱም ደስ ሲለው። ነጠላዋን ጆሮዋ ድረስ ስባ ወጣች። የሮቤ ንፋስ ፀሐይ ወጥቶም አይምርም።

— አሁን ትሰሚኛለሽ? … እሺ፣ ውጤቱ ምን ሆነ? … ጨምሯል? እንዴት ይጨምራል? … ካለፈውም ይበልጣል? … የሌላ ሰው እንዳይሆን ልጄ፣ እዚያ ወረፋው ብዙ ነው። … ደግመው ለኩት? … እሺ። እግሩንስ አዩለት? … ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ ቃሉን አትዋጪው።

ሀይሚ ስትደነግጥ ግማሹን ተናግራ ግማሹን መዋጥ ከሕፃንነቷ የመጣ አመሏ ነው። እናትየዋ ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

— ቁስሉ አልደረቀም። … እና? … ይቆረጣል አሉ? … የትኛው ጣት? … ትልቁ። … ዛሬ ነው? … አይደለም። እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ስኳሩ ከወረደ ይተርፋል፣ ካልወረደ … እሺ። እሺ ልጄ፣ ገባኝ።

አጥሩን ተደገፈች። ማልቀስ አማራት፤ ግን ለነገው ገና ሽንኩርቱ አልተላጠም፣ ወንበሩ ከጎረቤት አልመጣም። አሁን ካለቀሰች ደግሞ ሥራው የሚያልቅላት አልመሰላትም።

— ምን አበላዋለሁ? አንቺ ልጅ፣ እኔን እንደዚህ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ? … ሐኪሙ ነው የጠየቀው? ይኸው ንገሪው። የፉርኖ ዱቄት ከዚህ ቤት ከወጣ ቆየ። ስንዴውን ነጋዴው ለሚ ከአጋርፋ ያመጣልኛል። እኔው እለቅመዋለሁ፣ አጥቤ አሰጣዋለሁ፣ ገብስ እጨምርበታለሁ። ዘይነዲን ወፍጮ ቤት ራሱ ላይ ቆሜ «ሸርከት አድርገው፣ አታልመው» እያልኩ ነው የማስፈጨው። ሰውየው ሲያየኝ መሰልቸት ጀምሯል። … አዎ፣ ከነፉርሽካው። ምኑም ሳይወጣለት።

— ማታ ደግሞ እርሾውን እጥላለሁ። በዚህ ብርድ አይነሳማ፤ የአባትሽን ጋቢ አልብሼ ነው የማሳድረው። ሊጡ ከእኔ በላይ ይሞቀዋል። … ማቡካቱማ ትከሻዬ እንቢ ካለኝ ወዲህ አዴ ጂቱ ናቸው። የክርስትና እናትሽ ባይኖሩልኝ ምን ይውጠኝ ነበር? እኔ ቢሮ ስውል ያቦካሉ፣ ኮባ ቅጠሉን አንጥፈው ይጋግራሉ፣ ትኩሱን ያበሉታል። … መድኃኒቱንማ ይውጣል፣ እኔው ነኝ የማስውጠው።

— አባትሽ ምን ይላል ብለሽ ነው? ያማርራላ! በየጠዋቱ «ሠርኬ፣ የላም ቀለብ አበላሽኝ» ነው። «ጉሮሮዬን ቧጠጠኝ» ይላል። እያማረረ ግን ይበላል። አንዴ ሐኪሙ ያለውን ያህል፣ አንዴ ደግሞ ለሐኪሙም ጭምር።

— ምን አልሽ? … ማን ነው ዳቦው ይነጣል ያለው? … ባለፈው ስትመጪ? … አዎ፣ እኔም ነጣ ሲልብኝ አይቻለሁ። ገብሱ ነው ብዬ ተውኩት። ቢሮ ውዬ ስገባ እኮ ዳቦ የምመረምርበት ዓይን የለኝም ሀይሚ፤ ያገኘሁትን ጎርሼ ነው የምተኛው።

— ላሟ? አሁን ላሟ ምን አመጣት? … ደህና ናት፣ ወፍራለች። ቆዳዋ ያብረቀርቃል። በዚህ ቤት የተመቻት እሷ ብቻ ናት። … ሄሎ? … ሄሎ! … ተቆራረጠ፣ ቆይ ወደ ጓሮ ልጠጋ።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች በማዕድ ቤቱ ጎን ዞረች። እዚያ ስትደርስ ቆመች።

አዴ ጂቱ ጀርባቸውን ሰጥተው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። በእጃቸው ወንፊት ይዘዋል፤ ሽው ሽው ያደርጉታል። ከሥር ሳፋው ውስጥ የለሰለሰ ነጭ ዱቄት ተከምሯል። በግራቸው በኩል በአሮጌ ባልዲ ውስጥ ፉርሽካው አለ። ከባልዲው ወዲያ ደግሞ ላሟ አንገቷን አስግጋ ተራዋን ትጠብቃለች፤ አጠባበቋ የለመደ ሰው አጠባበቅ ነው።

— ሀይሚ፣ ቆይ። … ቆይ አልኩሽ። … አዴ ጂቱ! ምን እያደረጉ ነው?

ሴትየዋ ደንግጠው ወንፊቱን ከቀሚሳቸው ኋላ ደበቁት። ሽማግሌ የሚያከብራቸው፣ ስንት ድግስ የመሩ ሴት፣ ሲጋራ ሲያጨስ እንደተያዘ ጎረምሳ ሆኑ።

— ይህን ዱቄት ለማን ነው የሚነፉት? … ለነገው እንግዳ? ለነገ ብቻ? … እስቲ ዓይኔን ይዩኝ። … ትናንትስ? … ትናንትናም። … ሁልጊዜ?

አዴ ጂቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ማሎ፣ ማሎ» እያሉ ለመኗት። ዱቄት የነካው እጃቸው ጥቁር ሹራባቸው ላይ ነጭ ምልክት ተወ።

— ሀይሚ፣ አለሽ? … ስሚኝ። ዱቄቱ ይነፋ ነበር። … ይነፋ ነበር እልሻለሁ! እኔ ተሸክሜ ከነፉርሽካው አመጣለሁ፣ እዚህ ጓሮ ይነፋል። ነጩ ለአባትሽ፣ ፉርሽካው ለላሟ። የሐኪሙን ትእዛዝ በሚገባ ስትፈጽም የከረመችው ላሟ ናት። … አትሳቂ። … አታልቅሺ ደግሞ፣ ሰው ያይሻል።

— አይ፣ እሳቸውን አትቆጪ። እኔም «የታመመ ሰው እንዴት ፉርሽካ ይበላል» ብለው አዝነውለት መስሎኝ ነበር። … አልነበረማ! አሁን እየነገሩኝ ነው፣ ቆይ። … አዴ ጂቱ፣ ሂን ሶዳቲና፣ አይፍሩ። ማን ነው ንፉልኝ ያለዎት?

መልሱን ሰምታ ስልኩን እንደገና ወደ አፏ አስጠጋች።

— ሀይሚ … አባትሽ ነው። … አባትሽ ነው የለመናቸው። «ለሠርኬ እንዳይነግሩብኝ» ብሎ በሚካኤል አስምሏቸዋል። … እያማረረ! እኔን ፊት ለፊት እያየ «ጉሮሮዬን ቧጠጠኝ» እያለ! ይሄ ሰው በከንቱ ነው ከጎባ መዝገብ ቤት ጡረታ የወጣው፣ ቲያትር ቤት መግባት ነበረበት። … አጠገብሽ ነው? … ስጪው። … አልጮህበትም። መጮህም ጉልበት ይጠይቃል።

ላሟ ከምትታሰርበት እንጨት አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መናደድ ፈልጋ ነበር። ንዴቱ እስኪመጣ ጠበቀችው፤ አልመጣም። የመጣው ድካም ብቻ ነው፤ የትከሻው፣ የወገቡ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ፣ ማሸት የማያስለቅቀው።

— ተክሌ። … እኔ ነኝ። … ደህና ነኝ። ነገሩን ሰማሁ። … የጣትህን አይደለም፣ የወንፊቱን። … ተክሌ? … ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … ትሰማኛለህ፣ ሳልህ ይሰማኛል።

— ለምን? እሱን ብቻ ንገረኝ። ነጩ ስለሚጥምህ ነው? … አይደለም? … ጮክ በል፣ እኔ እንጂ ሌላ ሰው አይሰማህም። … እንግዳ። … የማኅበሩ ሰዎች። … እሺ፣ ብቅ ሲሉ ዳቦ ይቀርባል። … ጠቁሮ ያዩታል። «ምነው፣ የተክለማርያም ቤት ዱቄት መንፋት ተወ?» ይላሉ። … እና ስኳር አለብኝ ብሎ መናገር ሞት ሆነብህ።

ነገሩ ገባት። የተክለማርያም እናት ያልተነፋ ዱቄት ዳቦ እንግዳ ፊት ካቀረቡ ለሳምንት ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ የሚያፍሩ ሴት ነበሩ። ልጃቸውም ሕመሙን ከባልንጀሮቹ እንደ ሌብነት ደብቆ ነው የሚኖረው፤ ሲያነክስ እንኳ «ጫማው ጠቦኝ ነው» ይላል። ጫማው ደግሞ ሁለት ቁጥር ይሰፋዋል።

— ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም? … እከለክልህ ነበር፣ አዎ፣ እከለክልህ ነበር። … ተክሌ፣ የሰው አፍ ፈርተህ ጣትህን ልትሰጥ ነው?

— አይ፣ ስማኝ። ዛሬ እኔ ልናገር። ደክሞኛል። … የትከሻዬን አይደለም የምልህ። ጠዋት ወፍጮ፣ ቀን ቢሮ፣ ማታ እርሾ፤ ይሄን እችለዋለሁ። የደከመኝ ሁለታችን የምንታገል መስሎኝ ብቻዬን ስታገል መክረሜ ነው። ሌሊት ስትተኛ ብርድ ልብሱን ገልጬ እግርህን የማየው መሰለህ ለብርዱ? እፈራለሁ ተክሌ። አንተን መቅበር አልፈልግም። … እንዴ፣ አታልቅስ። … እሺ አልቅስ።

አዴ ጂቱ ከወዲያ ሆነው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ማንም ያላያት መስሏት ላሟ ባልዲው ላይ አፏን ልታሳርፍ ስትል ሠርከአዲስ በእግሯ ባልዲውን ወደ ራሷ ሳበችው።

— ስማ፣ ነገ የሚሆነውን ልንገርህ። ፉርሽካውን አሁን መልሼ ዱቄቱ ላይ እደፋዋለሁ። … ለሁሉም ነዋ። ለማኅበርተኛውም፣ ለነፍስ አባታችን ለአባ ገብረ ሥላሴም፣ ላንተም አንድ ዳቦ። … ያዋርደናል? ምኑ ነው የሚያዋርደን? ጥቁር አዝሙድ ጨምሬበት፣ በደንብ አስነስቼው፣ ሽታው ከመንገድ ሰው ይጠራል። አባ ባርከው ሲቆርሱት «ሠርከአዲስ፣ ምነው ጠቆረ?» ካሉ እኔ እመልሳለሁ። «ባለቤቴ ስኳር አለበት፣ እኛ ቤት የሚበላው ይሄ ነው» እላቸዋለሁ። … አንተ ዝም በል። ያንተ ሥራ አጠገቤ ቁጭ ብሎ መብላት ነው። … ባይበሉትስ? ባይበሉት እኔና አንተ አለን።

ቀጥሎ ተክለማርያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ነገራት።

— ምን አልክ? … ማን? … አባ ገብረ ሥላሴ? የኛው አባ? … የት አየሃቸው? … እዚያው የስኳር ክትትሉ ወረፋ ላይ? … ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው? … አንተስ ምን አደረግህ? … አንተም ዞርክ። … ከጠዋት ጀምሮ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እሳቸው ወደ ግድግዳው፣ አንተ ወደ መስኮቱ!

ሳቅ አመለጣት። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪያማት ሳቀች። አዴ ጂቱ አማርኛውም ኦሮምኛውም ጠፍቷቸው እሷን ያያሉ።

— ወይ ጉድ … ወይኔ ተክሌ … የማንን አፍ ነበር ታዲያ ስትፈራ የከረምከው? … አሁንም አሉ? … መድኃኒት ቤቱ ጋ። … እንግዲያውስ ተነስ። … ተነስ አልኩህ፣ ሂድና ሰላም በላቸው። … «ነገ እኛ ቤት ያልተነፋ ዳቦ አለ፣ ለእርስዎም ይሆናል» በላቸው። … ትችላለህ። … ስልኩን አትዝጋው፣ ልስማህ።

ከዘራው ሲሚንቶውን ሲነካ በስልኩ ይሰማታል። ቋ … ቋ። አንዴ ቆመ። እንደገና ቋ አለ። ከዚያ የባሏ ድምፅ፣ ራቅ ብሎ፣ እንደ ተማሪ እየተንቀጠቀጠ፣ «አባ» ሲል ሰማች፤ መስመሩም ተቋረጠ።

— ሄሎ? … ተክሌ? … ሄሎ?

መልሳ አልደወለችም። ስልኩን ኪሷ ከተተች፣ ከድንጋዩ ተነሳች፣ ባልዲውን በግራ እጇ አንስታ ሳፋው ውስጥ እስከ መጨረሻው ደፋችው። አዴ ጂቱም ወንፊቱን አስቀምጠው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ማደባለቅ ጀመሩ። ላሟ ባዶውን ባልዲ አሸተተች፣ ቀና ብላ ሠርከአዲስን አየች፣ ጮኸችም።

— አንቺ በልተሻል፤ ከዛሬ ጀምሮ የሱ ነው።