ጾመኛው ፈረስ

ጠጋ በይ ሜላትዬ፣ ጠጋ... ይቺን ጄሪካን እግሬ መሃል ላስገባት። አይ፣ ላይ አትጫንም። ላይ ከሰል ነው፣ ትጠቁርብኛለች። ዛሬ ንጹሕ ሆና መግባት ያለባት ዕቃ ናት።

እንዴት ያለ ጉም ነው ግን! ከጥርባ እስከ እንጅባራ ሾፌሩ በጸሎት ሳይነዳ አይቀርም። ፀጉርሽን የት ተሠራሽው? አምሮብሻል።

ውይ! ጋቢና ያሉት እርስዎ ነዎት እንዴ ጋሼ? በጉሙ አላየሁዎትም፤ እንዴት አደሩ? ትልቋ መኪናዎ ጋራዥ ገባች አሉ። እሷ ባትበላሽ ከእኛ ጋር መቼ ይሳፈሩ ነበር! ልጅዎ ወለደችም ሲሉ ሰማሁ... እንኳን ማርያም ማረችልዎ። ወንድ? እሰይ! አያት ሆኑ በሉኛ። መስኮቱን ልዝጋልዎ? እሺ፣ ይመችዎት። እኛ ወሬያችንን እንቀጥል።

ምን እልሽ ነበር ሜላት... አዎ፣ ስለ አንድ ሰው። አታውቂያቸውም። ጋሼም አያውቋቸውም። ስም አልጠራም፣ ሰው ማማት አልወድም። ማመስገን ግን ይፈቀዳል አይደል?

እኒህ ሰው ሐይቅ ዳር ሎጅ ሠሩ። አፋፉ ላይ። ሃያ ክፍል፣ እያንዳንዱ ከነሽንት ቤቱ፣ ከነሻወሩ። እንግዳው ከባሕር ዳር ይመጣል፣ መስኮቱን ይከፍታል፣ ሐይቁን ያያል፣ «ዋው» ይላል፣ ከዚያ ሽንት ቤት ይገባል። ከዚያስ? ከዚያማ... እሱ ነው የሚገርመው።

ጉድጓዱ አይሞላም!

አትሳቂ፣ እውነቴን ነው። እኛ ቤት አምስት ነን፤ ጉድጓዳችን ሞልቶ የመምጠጫ መኪና ስንለምን ክረምቱ አለፈ። እሳቸው ጋ ሰርግ ይሠረጋል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ ሃያ ክፍል ሙሉ ሰው ያድራል... ሎጁ ከተከፈተ ጀምሮ የመምጠጫ መኪና በራቸውን ረግጦ አያውቅም። ይህን ምን ትይዋለሽ? በረከት አይደለም? ሌላው ሰው ጎተራው እንዳይጎድል ይጸልያል፣ እሳቸው ጉድጓዳቸው እንዳይሞላ ጸለዩና ተሰማላቸው!

ምቀኛ ደግሞ አይጠፋም። «ሥሩ በሲሚንቶ አልተደፈነም፣ ወደ ሐይቁ እየሰረገ ነው» ይላል። እንዴት ይደፈን? በር ላይ የቆሙት ሁለቱ የሲሚንቶ አንበሶች ብቻ ስንት ኩንታል እንደበሉ ያውቃል? አንበሳ ከሌለ እንግዳ በምን ይደነቃል?

እና ሐይቁ አረንጓዴ ሆነልሽ። አረንጓዴ ስልሽ... ጎመን የተቀቀለበት ድስት። ዳር ዳሩን የሚያዳልጥ ነገር ለበሰ። የውሃ ባለሙያዎች መጡ፣ ቀዱ፣ መረመሩ፣ ነገሩን አስረዱን። ከሽንት ቤት የሚሰርገው ናይትሮጅን ነው አሉ። ለድንች የምንሰጠው ዩሪያ ውስጥ ያለው እሱው ነው፤ ሐይቅ ሲገባ አልጌውን ያፋፋዋል፣ አልጌው ሲበዛ ውሃውን ያፍነዋል።

ይህን ስሰማ በደስታ ልሞት! እኛ ለአንድ ኩንታል ዩሪያ ተሰልፈን፣ ተጋፍተን፣ ተኳርፈን ባዶ እጃችንን እንመለሳለን። እኒህ ሰው ለሐይቁ ሌት ተቀን ያድላሉ! በነፃ! ያለ ወረፋ! እንዲህ ያለ ለጋስ የት ይገኛል? እንግዶቻቸውም ሳያውቁት የጽድቅ ሥራ እየሠሩ ነው እኮ... ቁጭ ባሉበት።

ኧረ ቀስ በል ሾፌር! ጋሼን አንገላታሃቸው፣ ይኸው እያሳላቸው ነው።

ፈረሱንስ ነገርኩሽ? አልነገርኩሽም? ውይ፣ ሜላት!

የፈረሰኞቹ በዓል ሲደርስ እኛ ጋ ፈረሶቹ ተሸልመው ሐይቁ ዳር ይወርዱና ውሃ ይጠጣሉ፣ ታውቂያለሽ። ቀድሞ የሚጠጣው የተከበረ ሰው ፈረስ ነው። ዘንድሮ ክብሩ ለማን ይሁን ሲባል አለቃው አያ ይኸነው «ለባለ ሎጁ ይሁን፣ ድንኳን ሰጥተውናል» አሉ። ተገቢ ነው። ድንኳን ለሰጠ ውሃ ቢሰጡት ምን አለበት?

ወረዱልሽ። ፈረሱ ቀይ ግላስ ለብሷል፣ እሳቸው ካባ ደርበዋል። ሰዉ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አደረገ... አሸተተ... ቀና አለና ጌታውን አየ። እንዴት እንዳየ ልንገርሽ? አማቶቹ ቤት ጨው የበዛበት ወጥ እንደቀረበለት ሙሽራ! ሳቡት። እንደገና አሸተተ፣ አስነጠሰ፣ ወደ ኋላው ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ... በቂጡ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። የገዛ ድንኳናቸው ውስጥ!

ሰዉ ሁሉ ስልኩን ወደ እሳቸው አዞረ። እኒህ ሰው ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ፈረሱ ጾም ላይ ነው።»

ማክሰኞ! ማክሰኞ እኮ ነው ሜላትዬ! በፍስክ! አያ ይኸነው ደርባባ ሰው አይደሉ፣ ኮስተር ብለው «እንግዲህ በጾሙ ያጽናው» አሏቸው። ጎኔን ይዤ ተቀመጥኩ። ይሄው አሁንም ይወጋኛል... ቆይ ልተንፍስ።

ከኋላ የመጡትም ፈረሶች እያሸተቱ አንድ በአንድ ጾመኛ ሆኑልሽ። ከዳንግላ ድረስ የመጣው የሰላሁዲን የጋሪ ፈረስ እንኳ አብሮ ጾመ! ሰላሁዲን ራሱ እየሳቀ «እኔ ሳላውቅ መቼ ተጠመቀ?» አለ።

በማግስቱ ደግሞ ሎጁ ጓሮ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ተከምሮ ተገኘ። ለካ ፈረሱ የታሸገ ውሃ ነው የሚጠጣው! እስቲ አስቢው፣ አንድ ፈረስ ስንት ፕላስቲክ ይጨርሳል? ክዳኑንስ ማን ይከፍትለታል? ከሐይቁ አፍንጫ ስር ሆኖ ለፈረሱ ውሃ የሚገዛ... እንስሳ መውደድ እንዲህ ነው።

ለፈረሱ እንዲህ ያሰበ ለሰው አያስብም ትያለሽ? ያስባል እንጂ። እናቴን በቀለችን ታውቂያት የለ? ቤቷ ከሎጁ በታች ነው። ድሮ እንስራዋን ይዛ ከደጇ ትቀዳ ነበር፣ እንደ ሰነፍ። አሁን ጉብታውን ወጥታ ወርዳ ከሩቅ ምንጭ ነው የምትቀዳው። በዚያ ጉልበቷ። ባለፈው ወድቃ እንስራዋም ተሰበረ፣ እጇም አበጠ። «እማዬ፣ ከተሜው እኮ ለስፖርት ከፍሎ ነው የሚሮጠው፣ አንቺን እኒህ ሰው በነፃ ያሠሩሻል» አልኳት። አልሳቀችም። ሽማግሌ ሰው ቀልድ አይገባውም...

ዛሬ ስብሰባ አለ፤ የምሄደው ለሱ ነው። እኒህ ሰው ሌላ ሃያ ክፍል ልጨምር ብለው ጠይቀዋል። የእኛ ሰፈር ደግሞ ምን ይላል መሰለሽ? መጀመሪያ ወደ ሐይቁ የሚሰርገው ይቁም፤ ጉድጓዱ ከዳርቻው ይራቅ፣ ሥሩ ይደፈን፣ ሲሞላ በመኪና ይመጠጥ፤ እስከዚያ አንድም ክፍል አይጨመር። ይህ ሁሉ በአንድ ደግ ሰው ላይ! እሳቸው ግን ተነስተው «ውሃው ንጹሕ ነው፣ አረንጓዴው የተፈጥሮ ውበት ነው» ሊሉ ነው አሉ። እኔ በበኩሌ አምናቸዋለሁ። ትልቅ ሰው ይዋሻል እንዴ?

ስለዚህ ነው ይቺን ጄሪካን የያዝኩት። ዛሬ ጠዋት ከሎጁ ፊት ለፊት ነው የቀዳኋት። ክዳኗን አትክፈቺ... ጉሙ አይበቃንም? ብርጭቆም ይዣለሁ፣ ያውም የእንግዳ ብርጭቆ። ስብሰባ ላይ ብዙ የተናገረ ሰው ጉሮሮው ይደርቃላ። እሳቸው «ንጹሕ ነው» ብለው ሳይቀመጡ እኔ ብድግ... ቀድቼ፣ በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ። ፈረሱ የተወውን ክብር ጌታው ይቀበለው እንጂ!

ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? ሐሙስ? ተመስገን። ጾም የለም።

ወራጅ አለ! እዚህ ጋ፣ አጥሩ ጋ።

እንዴ ጋሼ፣ እርስዎም እዚሁ ነዎት? ለዚሁ ስብሰባ? አይ መገጣጠም! ቀስ ብለው ይውረዱ፣ ያዳልጣል። ጄሪካኗን አይንኳት፣ እኔ እይዛታለሁ፣ አይድከሙ። ስንለፈልፍ ራስዎን አዞርንብዎት መሰለኝ፣ ፊትዎ ትንሽ... አረንጓዴ ሆነብኝ። ጉሙ ይሆናል።

ቆይ፣ ሳልመርቅዎ አይሂዱ። ልጅ ያየ ሰው ሳይመረቅ አይሸኝም።

የልጅ ልጅዎን እግዜር ያሳድግልዎ። ከደጅዎ አይራቅ፣ ከአፋፉ አይለይ። ጥርሱን ሲያበቅል፣ ዳዴ ሲል፣ እግር ሲተክል፣ ፈረስ ሲጋልብ፣ ውሃ በጠማው ቁጥር ከአያቱ ሐይቅ ያጠጣው። ሌላ ውሃ አያስመኘው።

አሜን ይበሉ እንጂ ጋሼ...