በመስኮቱ የተላከከ በሽታ

ዳቦ ልገዛ ወጥቼ በዶክተር ኢላሪያ የሕፃናት ክሊኒክ በኩል ሳልፍ፣ ጎረቤቴ ሲኞር ኦቶሪኖ የልጅ ልጁን እጅ ይዞ ከደጅ ቆሞ አገኘሁት። ጥቅምት እያለቀ ስለነበር ከናቲዞኔ ወንዝ የሚነሣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። የአምስት ዓመቱ ኤሊያ በሁለት ሹራብና በአንድ ካፖርት ተጀቡኖ ከአፍንጫው በቀር የሚታይ ነገር የለውም።

«ምነው ከደጅ? ክሊኒኩ ዝግ ነው እንዴ?» አልኩት።

«ክፍት ነው እንጂ! ጉዱስ መከፈቱ አይደል!» አለና በከዘራው ወደ ውስጥ አመለከተኝ። «ሐኪሟ የመቆያ ክፍሉን መስኮት ወለል አድርጋ ከፍታዋለች። በሩም ክፍት፣ መስኮቱም ክፍት! ልጁን ብርድ እንዲመታብኝ ነው?»

«እዚህስ ነፋስ የለም?»

«የደጅ ነፋስ ሌላ፣ የቤት ውስጥ ነፋስ ሌላ! መምህር ሆነህ ይህን አታውቅም?»

ሳቄን ዋጥኩት። በአገራችን በዚህ ጉዳይ ከሽማግሌ ጋር መከራከር ውሃ መውቀጥ ነው። ኦቶሪኖ ዘንድ ግን ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ገና ሰሞን፣ በሰብአ ሰገል በዓል ምሳ ላይ አይብ መጥበሻው ውስጥ አርሮ ቤቱ በጭስ ሲታፈን፣ ምራቱ ካትያ መስኮት ከፈተች። ከሁለት ቀን በኋላ ሚስቱ ኒቬስ በትኩሳት ወደቀች። በሽታው ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ ሆስፒታል ተኝታ ከረመች። እግዜር ይመስገን ተርፋለች፤ ደረጃ ስትወጣ ግን አሁንም ትንፋሽ ያጥራታል። ከዚያ ወዲህ ኦቶሪኖ ምራቱን አናግሯት አያውቅም። የግድ ሲሆንበት በዚህ ሕፃን በኩል «ለእናትህ እንዲህ በላት» ይላል። አንድ ማዕድ ቀርበው እንዲህ መሆናቸውን ሳስብ ያበሳጨኝ ነበር።

ዶክተር ኢላሪያ ድምፃችንን ሰምታ ወጣች።

«ሲኞር ኦቶሪኖ፣ ዛሬ እኮ የኤሊያ ክትባት ነው። እናቱም ፈቃዷን ሰጥታለች። ምነው አይገቡም?»

«መስኮቱ ይዘጋና እገባለሁ። ክትባቱን ግን ይተዉት፣ ዶክተር። ኢንፍሉዌንዛ የሽማግሌ ነገር ነው፤ ልጅ አስነጥሶት ያልፋል። የጤና ቢሮውም ልጁን አስከትቡ የሚል ደብዳቤ ልኮ ነበር፤ እሳት አያያዝኩበት። ደግሞስ ምን ጠቀመ? አምና እኔም ኒቬስም ተወግተን አልነበረም? ይኸው ወደቀች!»

እኔ ብሆን እቆጣ ነበር። እሷ ግን ወንበር አውጥታ ሽማግሌውን አስቀመጠችውና አጠገቡ ቆመች።

«ጥያቄዎ ጥሩ ነው። ክትባቱ ይጠቅማል፤ በእርስዎና በሲኞራ ኒቬስ ዕድሜ ግን ሰውነት እንደ ወጣት አይጠነክርበትም። ስለዚህ በዙሪያችሁ ያለው ሰው አጥር ይሁናችሁ እንላለን።»

«አጥሩ ታዲያ ይህ ድንቢጥ ነው?»

«ጋን በጠጠር ይደገፋል፣ ሲኞር ኦቶሪኖ።»

ሽማግሌው ፈገግ አለ። እልኸኛ ይሁን እንጂ ነገር መመርመር ይወዳል፤ ይህን ጠባዩን ስለማውቅ ዳቦዬን ረስቼ ቆምኩ።

«እሺ፣ ልጠይቅ። ለኩፍኝ ተከትቦ አበቃ። ይኼኛው በየዓመቱ ስለ ምን?»

«ኩፍኝ መልኩን አይለውጥም። ኢንፍሉዌንዛ ግን በየዓመቱ ልብሱን ቀይሮ ይመጣል። የሰውነታችን ዘበኛ አዲሱን መልክ ካላየ እንዴት ያስቆመዋል?»

«መርፌ ነው?» አለ ኤሊያ ከሹራቡ ውስጥ።

«አይደለም የኔ ጌታ፤ አፍንጫህ ውስጥ ፍንጥቅ ይደረጋል፣ በቃ። ግባና ዓሣዎቹን እያየህ ጠብቀን።»

ልጁ ሮጦ ገባ። ኦቶሪኖ በዓይኑ ከሸኘው በኋላ «መስኮቱንስ ለምን ትከፍቺዋለሽ?» አለ። «እርስዎ» ማለቱን የሚረሳው ነገሩ ልቡን ሲነካው ነው።

«በሽታው ከሰው ትንፋሽ እንጂ ከነፋስ አይመጣም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ ይታፈናል፤ የሳለው ሰው ያወጣውን ሌላው ይስበዋል። መስኮት የምከፍተው እሱን ላስወጣ ነው።»

«እና ኒቬስ?»

ዶክተሯ ወደ እኔ ተመለከተች። «በመምህሩ ፊት ልናገር?»

«ተናገሪ።»

«በበዓሉ ዋዜማ ኤሊያን ትኩሳት ይዞት ያመጡልኝ እርስዎ ነዎት። አፍንጫውን መርምሬ ኢንፍሉዌንዛ ነው፣ ከሲኞራ አርቁት አልኩዎት።»

«ብለሽኛል። የልጅ በሽታ ለትልቅ ሰው አይሆንም ብዬ ነዋ!»

«ከዚያስ የት ዋለ?»

«ኒቬስ ጭን ላይ…» አለ።

«ልምል አልችልም፤ ከመስኮቱ ይልቅ ግን ይህ ያሳምነኛል። አደራዎን፣ ለልጁ እንዳይነግሩት። እሱም አላጠፋም። ደብዳቤ የላከው ቢሮ ኤሊያ ማን ጭን ላይ እንደሚተኛ አያውቅም። እኔ ከተወለደ ጀምሮ ስለማክመው አውቃለሁ፤ የምለምንዎትም ለዚህ ነው።»

ኦቶሪኖ ከዘራውን በሁለት እጁ ጨብጦ ከወንበሩ ተነሣ።

«ከተከተበስ ጭኗ ላይ ይተኛል?»

«ይተኛል። ትኩሳት ሲይዘው ብቻ ያርቁት። ክትባቱ ፍጹም መድን ነው አልልዎትም። ቢይዘውም ግን ይቀልለታል፤ ለእሷም የማስተላለፉ ነገር ይቀንሳል።»

«ክተቢው፣ ልጄ» አለና በተከፈተው በር ገባ።

እኔ ከዚህ የተማርኩትን ሳልሸሽግ ልናገር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለትን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቅጠሉን ከማን እጅ እንደምንቀበል ግን እንመርጣለን። ኦቶሪኖ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ አቃጥሎ የልጁን ሐኪም ሰማ፤ ቤቱን የምታውቅ እሷ ናትና። የተከተበ ልጅ ከትምህርቱ ብዙ አይቀርም፤ እናቱም ከሥራዋ አትጎድልም፤ አያቱም ሳትሰጋ ታቅፈዋለች።

ኤሊያን ለኒቬስ አስረክበን ኦቶሪኖ ካትያ ወደምትሠራበት የወንበር ፋብሪካ በመኪናዬ እንዳደርሰው ለመነኝ። የሥራ ተራዋ እስኪያበቃ በሩ ላይ ጠበቅናት። ፀጉሯ ላይ የእንጨት ብናኝ እንደ ያዘ ወጣች፤ እሱን ስታይ ፊቷ ገረጣ።

«ኤሊያ ምን ሆነ?»

«ደህና ነው፤ ተከትቧል።» ኮፍያውን አወለቀ። «ካትያ፣ የኒቬስ በሽታ ከመስኮቱ አልነበረም። ሐኪሟ አስረዳችኝ። አንቺ አይደለሽም። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

ትቆጣዋለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣም አልፈርድባትም። እሷ ግን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እኔም እኮ፣ አባባ» አለችው፣ «እስከ ዛሬ ያሳመምኳት እኔ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት።»