ትንሽ ነው የቀረዎት

ወደ መንደራ ቆጪ ሰፈር በምሄድበት ባጃጅ ውስጥ አንዲት ተማሪ አጠገቧ ለተቀመጡ እናት ታወራለች።

«መንገዱ ለሩጫ ተዘግቶ መሀል አስፋልቱን ይዤ ስሮጥ፣ ደስታዬን ልነግርዎት አልችልም። በኋላ ግን ከፋኝ።»

«ታዲያ ምን አስከፋሽ?»

«አንዲት እናት ሴት ልጃቸውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። እንደኛው ለሩጫው የወጡ መስለውኝ አጨበጨብኩላቸው። ‹በርቱ እማማ፣ ትንሽ ነው የቀረዎት› አልኳቸው።»

«እሺ?»

«ልጅቷ ‹አሟት ሆስፒታል እየወሰድኳት ነው፤ ባጃጅ አያልፍም ተባልን› አለችኝ።»

«ያ ረቢ። እሳቸውስ ተቆጡሽ?»

«ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ‹እሺ ልጄ› ብለው እርምጃቸውን ፈጠን አደረጉልኝ።»

ከጎናቸው የተቀመጥኩት እኔም የሮጥኩበት የሩጫው ካናቴራ እንዳይታይ የጃኬቴን ዚፕ እስከ አንገቴ ሳብኩት።